ኮዱ ተቀይሯል

ሁለት ፊደል ናት። ኮ እና ድ። ሁለት ፊደል ምን ታመጣለች ብላችሁ እንዳትንቋት፤ የሺአረግ ምንይችልን፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ጨብጣ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልተጻፈባትን ሴት፣ በአደባባይ ሌባ ያስባለቻት ይህችው ቃል ናት።

ሰኞ ጧት ነው። የሺአረግ ማክሰኝት ሄዳ የአባቷን ተዝካር አውጥታ እሑድ ማታ ባሕር ዳር ገብታለች። በማግሥቱ ሐዘኗን እንደ ለበሰች ሐይቁ ዳር ወዳለው መሥሪያ ቤቷ መጣች። ጣና በዚህ ወር ስንት ጣት ጨመረ፣ ስንት ጣት ቀነሰ እያለ የሚለካ ትንሽ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ፒካፕ አለው፤ ፒካፗን የምትነዳው እሷ ናት። በሩ ላይ ዘበኛው አያ ቃለ ሕይወት ቆመዋል። ሌላ ጊዜ «እግዜር ያጥናሽ፣ እንዴት አደርሽ» ሳይሉ የማያሳልፉ ሽማግሌ፣ ያን ዕለት ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ምነው አያ፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ ልጄ። እስቲ ሰሌዳውን እይው» አሏት።

ሰሌዳው ከደረጃው ሥር ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሲገባም ሲወጣም በዚያ ያልፋል። የስብሰባ ጥሪና የዕድር ማስታወቂያ በሚለጠፍበት መካከል አንድ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ እንዲህ ይላል፦

«የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ወ/ሮ የሺአረግ ምንይችል የመንግሥትን ተሽከርካሪ ኮድ ቀይረው በመገኘታቸው፣ ጉዳዩ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ከሥራና ከደመወዝ ታግደዋል።»

አንድ ጊዜ አነበበችው፤ ሌላ ሰው መሰላት። ሁለተኛ አነበበችው። ማኅተሙ ያረፈው «ምንይችል» በሚለው ስም ላይ ነው። ቀኑን አየች፤ ከተለጠፈ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

ታርጋ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮድ አራት የመንግሥት ነው፣ ኮድ ሦስት የንግድ። የመንግሥትን መኪና ኮድ ቀየረች ማለት የመንግሥት ታርጋ ነቅላ፣ የንግድ ለጥፋ፣ በመንግሥት ናፍጣ ጭነት ስታመላልስ ኖረች ማለት ነው። ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ወህኒ ያስወርዳል። አባቷ ምንይችል ደግሞ የማክሰኝት ገበያ ሰው ነበሩ። ሁለት ሰው በስፍር ሲጣላ «ምንይችል ይስፈረው» ተብሎ ነገር የሚበርድባቸው ሰው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸው ስም መቃብራቸው ገና ሳይደርቅ ሰሌዳ ላይ ዋለ።

እግሯ ደረጃውን እንዴት እንደ ወጣው አታውቅም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ቢሮ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«እትዬ ፅጌ፣ ምንድን ነው የለጠፋችሁብኝ?»

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የሺአረግ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። በሁለተኛ ደረጃ ነገሩ በኮሚቴ የታየ ነው። ሰነድ አለ።»

«እኔ በሌለሁበት?»

«አንቺ ፈቃድ ላይ ነበርሽ።»

«ፈቃድ ላይ መሆኔን ካወቃችሁ ተዝካር ላይ መሆኔንም ታውቃላችሁ! እስቲ ታርጋዋን አይታችኋታል?»

«እኛ የምንመራው በማስረጃ ነው።»

እዚህ ላይ የሺአረግ ደሟ ፈላ። መጋረጃውን ያዘችና ገለጠችው። መስኮቱ ሥር፣ ከቢሮው ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ፣ ፒካፗ ቆማለች። ታርጋዋ ላይ «4» የምትለው ቁጥር ከላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ይኸው ማስረጃ! ምን ይላል? ያንብቡት!»

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። አዩ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ተመልሶ ተቀይሮ ይሆናላ» አሉ።

እንግዲህ ለዚህ ምን መልስ ይሰጠዋል? ታርጋው ተቀይሮ ቢገኝ ቀይራዋለች፤ ሳይቀየር ቢገኝ መልሳዋለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። የሺአረግ ግን እልኸኛ ናት፤ ጉሮሮዋ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠችና «ያ ሰነድ ይነበብልኝ» አለች።

ተነበበላት። ሰነዱን ያዘጋጀው የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው አቶ አዘዘ ገድሉ ነው። (አንቱታውን ለጊዜው ልተወው፤ ኋላ ከተገባው እመልስለታለሁ።) እሷ ፈቃድ በወጣች በሦስተኛው ቀን ፒካፗ አልነሳም አለች። መካኒክ መጣ። ባትሪዋን ለካ፣ ደኅና ነው። የማስነሻው ሞተሪኖ ሲነካ ይጎትታል፣ ሞተሩ ግን እንደ መነሳት ብሎ ይጠፋል። የናፍጣ ማጣሪያዋን ፈቶ ቀየረ፣ ያው ነው። አምስት ሠራተኛ ከየቢሮው ተጠርቶ፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር፣ ግቢውን ሦስት ዙር ገፏት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከዓባይ ማዶ መስዑድ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠራና አየ። የሰነዱ የመጨረሻ መስመር ታዲያ «የተሽከርካሪው ኮድ የተቀየረ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል» ይላል።

«የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ስለ ታርጋ ምን አግብቶት ነው የሚያረጋግጠው?» አለች የሺአረግ።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ይህን አላሰቡበትም ነበር። አንድ ሰው እንኳ አላሰበበትም። ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሏችኋል ይኸ ነው።

በሩ ላይ አያ ቃለ ሕይወት ሊያጽናኗት ሞከሩ። «አይዞሽ ልጄ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እኔ እስኪያድር አልጠብቅም፣ አያ! ስድስት ቀን አድሯል» ብላ ባጃጅ ጠርታ ወደ ዓባይ ማዶ በረረች።

መስዑድ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ወንድሞቹ ወረታ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከሽቦ ጋር ነው። የሺአረግን ያውቃታል፤ የፒካፗን መብራት ስንቴ ሠርቶላታል። ከአንድ ሚኒባስ ኮፈን ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ሲያያት ፊቱ በራ።

«እትዬ የሺ! እንኳን መጣሽ። ፒካፗስ ተነሳች?»

«ታርጋ ቀይራለች ብለህ የጻፍህብኝ አንተ ነህ?»

«እኔ?» አለ መስዑድ። «ወላሂ ታርጋ የሚል ቃል ከእጄ አልወጣም!»

«ኮድ ተቀይሯል ብለሃል።»

«ብያለሁ። የቁልፉን ኮድ ነዋ!»

ጨርቅ አንስቶ እጁን እየጠረገ አስረዳት። የዛሬ መኪና ቁልፍ ዝም ብሎ ብረት አይደለም። እጀታው ውስጥ ቺፕ የምትባል ትንሽ ነገር አለች፤ ቺፗ የራሷ ኮድ አላት። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ቀለበት አለ። ቁልፉ ሲዞር ቀለበቱ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቺፗ ኮዷን ትናገራለች። ኮዱ ከገጠመ ናፍጣ ይለቀቃል። ካልገጠመ፣ ወይም የሚመልስ ከጠፋ፣ ሞተሪኖው እስኪቃጠል ቢጎትት መኪናዋ አትነሳም፤ ለሌባ ተብሎ የተሠራ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የቁልፍ ሥዕል ብልጭ ድርግም እያለች ትናገራለች፤ የሚያያት ሰው ከተገኘ ማለት ነው።

«ኮምፒዩተሬን ሰክቼ ጠየቅኋት፤ ቁልፉን አላውቀውም አለችኝ። እኔም ባንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ‹ኮዱ ተቀይሯል ወይም ቁልፉ ተነካክቷል› ብዬ ጽፌ ለጋሽ አዘዘ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ የጠራኝ የለም።»

«‹ቁልፉ ተነካክቷል› ብለሃል?»

«ብያለሁ እንጂ! እንዲያውም ‹ቁልፉ ተከፍቶ ያውቃል ወይ?› ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ‹እኔ ምን አውቄ፤ ሹፌሯን ጠይቅ› አሉኝ።»

የሺአረግ አንድ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ከመስዑድ ወረቀት ግማሿ ወደ ሰነዱ ገብታለች፤ ግማሿ በመንገድ ቀርታለች። የቀረችው ደግሞ «ቁልፉ ተነካክቷል» የምትለው ናት። መኪናዋን ስታስረክብ ቁልፉን ለአዘዘ በእጁ ሰጥታዋለች፤ ፈርሞላታል።

«ቁልፉ እንዴት ያለ ነበር?» አለችው።

«አዲስ ነዋ፤ የሚያብለጨልጭ።»

«አዲስ?» ብድግ አለች። «መስዑድ፣ የእኔ ቁልፍ እኮ እጀታው ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመቱ ነው! በሰማያዊ ፕላስተር አስሬ ነው የምነዳው!»

ተያዩ። መስዑድ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። ነገሩ ተገለጠላቸው። አዘዘ የቁልፉን ከቨር፣ ያንን የፕላስቲክ እጀታ፣ አስቀይሮታል፤ ብረቷ ወደ አዲሱ ከቨር ገብታለች፣ ቺፗ አሮጌው ውስጥ ቀርታለች። ኮዱን የቀየረ ሌባ የለም፤ ያማረ ቁልፍ ያማረው ሰው ነው ያለው።

ባሕር ዳር ውስጥ የቁልፍ ከቨር የሚቀይሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው። መስዑድ ሚኒባሱን ትቶ ተከተላት። ሁለተኛው ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ፣ ገበያው በር ላይ ጃንጥላ ሥር፣ አገኙት። ሰውየው ጥያቄውን ሳይጨርሱለት «ክራቫት ያደረጉ ሰውዬ አይደሉም? ‹ይህን ቡትቶ አውልቅልኝ፣ መሥሪያ ቤት ያሰድባል› ያሉኝ?» አለ። የወለቁ ከቨሮች የሚያጠራቅምበት የወተት ቆርቆሮ ነበረው፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሰማያዊ ፕላስተሯን የሺአረግ ከሩቅ ለየቻት። መስዑድ በጥፍሩ ፈልቅቆ ውስጡን አሳያት። ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች።

«ይህች ናት» አለ።

«ይህች ናት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴን የበላችው?» አለች የሺአረግ፤ ቀጥላም «እሷ ምን አደረገች፤ እሷስ እውነቷን ነው» አለች።

ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሺአረግና መስዑድ ግቢው ውስጥ ነበሩ። የጽሕፈት ቤቱ ዳይሬክተር ዶክተር ግሩም ደግሞ ሐሙስ ጎርጎራ ደርሰው እዚያ ያለውን የውኃ መለኪያ ማየት አለባቸው፤ መኪና የለም በመባላቸው ተናደው ከደረጃው ሲወርዱ ነው ያገኟቸው። ሠራተኛውም ወሬ ሸትቶት ወጣ። አቶ አዘዘ የሺአረግን ከፒካፗ አጠገብ ሲያይ እየሮጠ መጣ።

«የታገደ ሠራተኛ የመንግሥት ንብረት አይነካም! ማን አስገባት?»

«አልነካም» አለች የሺአረግ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። «እርስዎ ይንኩልኝ። ይግቡና ያስነሱ፣ ጋሽ አዘዘ።»

ሰው ሁሉ ያያል፤ አልገባም ቢል ያሳፍራል። ገባ። የሚያብለጨልጨውን ቁልፍ ሰክቶ አዞረ። ሞተሪኖው ጎተተ፣ ጎተተ፤ ሞተሩ እንደ መነሳት አለና ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ ቁልፍ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ያቺን ቀይ አያችኋት?» አለች የሺአረግ ለተሰበሰበው ሰው። «አላውቅህም እያለችው ነው።»

መስዑድ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ አሮጌዋን ሰማያዊ እጀታ ከቁልፉ ጋር አጠጋግቶ ያዘ። «አሁን ያዙሩ፣ ጋሼ።»

አዞረ። ፒካፗ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ግቢው ሁሉ «እንዴ!» አለ። አጠፋት፤ መስዑድ እጁን ሰበሰበ፤ አዞረ፤ አትነሳም። እጀታዋን መልሶ አጠጋ፤ ተነሳች። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። አያ ቃለ ሕይወት በሩን ትተው መጥተው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። መስዑድ ኮድ ምን እንደ ሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ እንደ ጻፈ ለዶክተር ግሩም አንድ በአንድ ነገራቸው።

«ከቨሩን ማን አስቀየረው?» አሉ ዶክተሩ።

ከአዘዘ ግንባር ላብ ወረደ። «የመሥሪያ ቤት ቁልፍ በፕላስተር ታስሮ ሲታይ... ለገጽታ ብዬ ነው...»

ዶክተር ግሩም ሳቃቸው መጣ። «አይ ኮድ! እኛ ታርጋ ስንል እሱ ቁልፍ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ሌላውም ሳቀ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ሳቁ። አዘዘ ራሱ፣ እፎይ ብሎ፣ ሳቀ። «በይ የሺ፣ ሐሙስ ጧት ጎርጎራ ነን» ብለው ዶክተሩ ደረጃውን ወጡ።

የሺአረግ ግን አልሳቀችም። ሰኞ ዕለት ካነደዳት ይልቅ የማክሰኞው ሳቅ አነደዳት። ስድስት ቀን ሌባ ነበረች፤ በሰባተኛው ቀን ቀልድ ሆነች። በመካከሉ «አጥፍተናል» ያለ አፍ የለም። ወረቀቱን ከሰሌዳው አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ገንጥሎታል፤ አራቱ መርፌዎች እንደ ተሰኩ ቀርተዋል።

ረቡዕ ደብዳቤ መጣላት። «ጉዳዩ በይቅርታ የታለፈ ስለሆነ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ» ይላል። ይዛው ዶክተር ግሩም ዘንድ ገባች።

«ማን ማንን ነው ይቅር ያለው?»

«የሺአረግ፣ የጽሕፈት ቤት አባባል ነው።»

«እኔ ምን አጠፋሁና ነው ይቅር የተባልሁ? ይህ ወረቀት ማኅደሬ ውስጥ ከገባ፣ ነገ እኔን የማያውቅ ሰው ሲያነበው ‹አንድ ነገር አድርጋ ነበር፣ ግን ራሩላት› ይላል። አልቀበልም።»

ከቀትር በኋላ ሌላ መጣ፦ «ጥፋተኛ ሆነው ስላልተገኙ»።

«‹አልተገኙም›?» አለች። «ተደብቄ ነበር እንዴ? ፈልጋችሁኝ ነው ያጣችሁኝ? ጥፋት ስለሌለብኝ ነው እንጂ ስላልተገኘሁ አይደለም!»

ዶክተሩ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ታዲያ ምን ይጻፍልሽ?»

«የሆነው ይጻፍ። ማን ቁልፉን እንዳስቀየረ፣ እናንተም ሳታጣሩ ምን እንዳላችሁ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ። የተሰደብሁት ሰሌዳ ላይ ነው፤ እሱም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።»

«መሥሪያ ቤት እኮ ሠራተኛን ይቅርታ የሚጠይቅበት አሠራር የለውም።»

«ሠራተኛን ሌባ የሚልበት አሠራርስ ከየት አመጣ?» ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። መስዑድ ቺፗን ወደ ቦታዋ መልሶ አሽጎት ነበር። «መኪናዋ ደኅና ናት። እኔ ግን በዚህ ስም መሪ አልይዝም። ጎርጎራ በመርከብ ይሂዱ።»

መርከቧ በሳምንት አንድ ቀን ናት፤ ቀኗም አልፏል። ሌላ ሹፌር መሥሪያ ቤቱ የለውም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ዶክተሩ ወረቀት ሳቡና በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ እሷ ቆማ ጠበቀች፤ የአዘዘን ስም ዘለው ሲጽፉ ነቃችባቸው፣ መልሰው ጻፉት።

ሐሙስ ጧት ወረቀቱ ከነማኅተሙ ተለጥፏል፦ «የቁልፉን ሽፋን ያስቀየሩት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው አቶ አዘዘ ገድሉ ሲሆኑ፣ የቁልፉን ኮድ የታርጋ ኮድ ነው ብለን ሳናጣራ ወ/ሮ የሺአረግ ምንይችልን ያለ ጥፋታቸው ስማቸውን አጉድፈናል። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

የሺአረግ ሻንጣዎቹን ጭና፣ ውኃና ዘይት አይታ፣ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። ሠራተኛው እየገባ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሰላም ብላት አለፈች። ሒሳብ ክፍሎቹ እየተሳሳቁ አለፉ። ሁለት የመስክ ሠራተኞች አለፉ። ሰሌዳውን ዞር ብሎ ያየ የለም! ያኛው ሲለጠፍ ግን፣ አያ ቃለ ሕይወት እንደ ነገሯት፣ ከሰሌዳው ሥር ሰው ተጋፍቶ ነበር፤ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ሳይቀር መጥተው ነበር ያነበቡት። የሌባ ወሬ ሲሆን መንደር ይሰበሰባል፤ የጨዋ ወሬ ሲሆን ሁሉም ሥራ ይበዛበታል።

«ቁሙ!» አለች። ድምፅዋ ደረጃው ላይ ያሉትን መለሳቸው። «ያኛውን ያነበባችሁ ሁሉ ይህንንም አንብቡ። ሳያነብ የሚያልፍ ሰው የለም። መኪናዋም አትንቀሳቀስም።»

ቀልድ መስሏቸው ፊቷን አዩ። አልነበረም። አንድ በአንድ መጡ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አነበበችና «አፈር ልብላ፣ እኔም አምኜ ነበር» ብላ አንገቷን አቀፈቻት። ሒሳብ ክፍሎቹ አነበቡ፤ ሳቃቸው ጠፋ። አያ ቃለ ሕይወት ማንበብ ስለማይችሉ ሌላ ሰው አነበበላቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ጎንበስ ብለውም እጅ ነሷት። ዶክተር ግሩም ፒካፗ ውስጥ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ።

መጨረሻ ላይ አዘዘ መጣ። ሰው መሰብሰቡን አይቶ በጓሮ ሊዞር ነበር፤ በጓሮ በኩል ግን በር የለም።

«እርስዎም ያንብቡልን፣ ጋሽ አዘዘ። ጮክ ብለው።»

«መነጽሬን ረስቻለሁ።»

«ደረት ኪስዎ ውስጥ ናት።»

አወጣት። አደረጋት። ጉሮሮውን ጠረገ። «የቁልፉን ሽፋን ያስቀየሩት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው... ሲሆኑ፣ የቁልፉን ኮድ የታርጋ ኮድ ነው ብለን...»

«አንድ ስም ዘለሉ» አለች የሺአረግ።

ዶክተሩ ከመኪናው ውስጥ ክላክስ ነፉ፤ ዞር ብላ አላየችም።

«የሺአረግ፣ እባክሽ» አለ አዘዘ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአባቴ ስም አለበት።»

«የእኔ አባት ስም እዚህ ሲለጠፍ ይዘለል ያለ ሰው የለም፣ ጋሽ አዘዘ። ያንብቡት።»

አዘዘ መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረና፣ ስሙን ከነአባቱ ስም፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ አነበበው።